ዳሽቦርድ አምፖል ጌጥ አይደለም፦ «በ20 ደቂቃ ራስህ ቀይር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሾፌሮች እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ፣ እናንተም ጋ ደርሶ ይሆናል፣ «የዳሽቦርድ መብራት ጠፋ ብለህ ጋራዥ አትሂድ፣ በ20 ደቂቃ ራስህ ቀይር» የሚል። ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ የዳሽቦርድ መብራት ለውበት ነው፣ አምፖል ሁሉ አንድ ነው፣ ሁሉንም አውጥተህ በኤልኢዲ ቀይር፣ ባትሪ መንቀል አያስፈልግም፣ የሚያስቸግርህን ማስጠንቀቂያ ደግሞ አምፖሉን አውጥተህ ጣለው፣ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ሌባ ነው። ጸሐፊው የሞከረው ፒክአፕ ላይ እንደሆነ ራሱ ጽፎታል፣ ማለትም 12 ቮልት መኪና ላይ። እሺ፣ ጽሑፉን አንብቦ ካቻቢቴ የሚያነሳው ግን ባብዛኛው የአይሱዙ ኤንፒአር፣ የኤፍኤስአር፣ የሲኖትራክ ሾፌር ነው፣ እነዚህ ደግሞ 24 ቮልት ናቸው። እኔ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ላይ ነው የምውለው፣ እና የዚህ አይነት ምክር ተከትለው የመጡ መኪኖች እየከፈትኩ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ራስህ ቀይር በሚለው ግን እስማማለሁ፣ ለአንድ አምፖል ብሎ ግማሽ ቀን ጋራዥ በር ላይ መቆም የለም። የማልስማማው አቀያየሩ ላይ ነው።

ከሁሉም ያናደደኝ የመጀመሪያው ነው። «መንገድ የሚያሳይህ የፊት መብራትህ ነው፣ የዳሽቦርዱ ለውበት ነው፣ ልምድ ያለው ሾፌር መኪናውን በጆሮው ያውቃል» ይላል። ጆሮ ጥሩ ነው አልክድም፣ ጎበዝ ሾፌር ማርሽ የሚቀይረው አርፒኤም እያየ አይደለም። ግን የራዲያተር ውሃ ሲግል ድምፅ አያሰማህም። ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ውረድና ወደ ደጀን መልሰህ ውጣ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ወርደህ ያንኑ መልሰህ ትወጣለህ፣ ሙሉ ጭነት፣ በከባድ ማርሽ እየጎተትክ፣ ሾፌሩ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ሸሽቶ ማታ መውጣት ነው የሚመርጠው፣ እና የሙቀት ጌጁ ከጨለመ መርፌው መሃል ላይ ይሁን ቀዩን ነክቶ ይሁን በምን ታውቃለህ? የስልክ ባትሪ እያበራሁ አያለሁ ያለኝ ሰው አለ፣ በአንድ እጁ መሪ በአንድ እጁ ስልክ፣ ያውም እዛ ጠመዝማዛ ላይ! ስትወርድም ያው ነው፣ ኤግዞስት ብሬኩ (የጭስ መውጫውን አፍኖ መኪናውን የሚይዘው) መያዙን የምትነግርህ ዳሽቦርድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ መብራት ናት። እሷ ከተቃጠለች ስዊቹን ነክቼዋለሁ ብለህ በልበ ሙሉነት ትወርዳለህ፣ አለመያዙን የምታውቀው የፍሬን ሸራው ሽታ ጋቢና ሲገባ ነው። የአየር ፍሬን ያለው መኪና ላይ የአየር ጌጁን ሳታይ ማታ መንዳትማ እዛው ይቅር፣ እሱን መከራከርም አልፈልግም።

ቀጥሎ «ሁሉም መብራት አንዴ ከጠፋ ሁሉም አምፖሎች ተቃጥለዋል ማለት ነው፣ ሙሉውን ግዛና ቀይር» ይላል። ኧረ ባክህ! ስድስት ሰባት አምፖል ተማክሮ በአንድ ሌሊት አይቃጠልም። አንድ ጥግ ከጨለመ፣ የነዳጅ ጌጁ ብቻ ወይ የስፒዱ ግማሽ ብቻ ከጠፋ፣ አዎ አምፖል ነው። ሁሉም አንዴ ከጠፋ ግን ዳሽቦርዱን ከመንካትህ በፊት ውረድና የኋላ ፓርኪንግ መብራቱን እይ፣ ምክንያቱም የዳሽቦርድ ማብሪያው ባብዛኛው መኪና ላይ ከፓርኪንግ ጋር በአንድ መስመር ነው የሚሄደው። ኋላም ከሌለ ፊውዝ ነው ወይ ሪሌ ነው ወይ ራሱ የመብራት ስዊቹ ነው። ኋላ እየበራ ዳሽቦርዱ ብቻ ከጨለመ ደግሞ መጀመሪያ ዲመሩን አዙረው፣ ያቺን የብርሃን መቀነሻ ማለቴ ነው። ረዳቱ ጋቢና ሲወለውል በጨርቅ ዝቅ አድርጓት፣ ሾፌሩ አዲስ አምፖል ገዝቶ የመጣበት ጊዜ አለ፣ እኔም በጣቴ ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ሂድ አልኩት፣ ሂሳብ ልቀበለው አፈርኩ። ዲመሩም ካልሆነ ማሳውን ፈትሽ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወደ ቦዲ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ሽቦ፣ በኮረኮንች ብዛት ብሎኑ ይላላል ወይ ይዝጋል። ማሳ ሲላላ ምልክቱ ግራ ያጋባል፣ ፍሬቻ ስታበራ ሌላ መብራት አብሮ ብልጭ ይላል፣ ጌጆች ያለ ቦታቸው ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ እና ይሄን ያየ ሰው ዳሽቦርዱ ሞቷል ብሎ ሙሉ ያገለገለ ዳሽቦርድ ሊገዛ ሶማሌ ተራ ይሮጣል።

ፊውዝ ላይ ደግሞ «ከተቃጠለ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ አድርግ» የምትል ጣል ያደረጋት አረፍተ ነገር አለች። አይ! ፊውዙ የተቃጠለው ባብዛኛው የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ስለነካ ነው፣ ከፍ ያለ ስታደርግ በፊውዙ ፋንታ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ ሽቦው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ስር ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ታስሮ ነው ያለው። በቃ ሌላ ማለት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው፣ «ቲ10 ቲ10 ነው፣ ያገኘኸውን አስገባ» ወደሚለው። ቲ10 የአምፖሉን መስታወት ውፍረት ነው የሚነግርህ፣ ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ቲ5 ደግሞ ቀጭኗ ናት። ስለ ቮልት ምንም አይልም። ያው ቅርፅ ያው መጠን ሆኖ 12 ቮልትም 24 ቮልትም አለ፣ ሱቅ ውስጥ አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀላቅሎ ሁሉ ታገኘዋለህ፣ ስለዚህ ከስሩ ያለውን ጽሑፍ ሳታነብ አትግዛ። 12ቱን 24 መኪና ላይ ብታስገባ ብልጭ ብሎ እዛው ያልቃል፣ ይሄ እንኳን ቀላሉ ነው፣ አምፖሉ ብቻ ነው የሚሞተው። የሚብሰው ዋቱ ነው። ጸሐፊው «ደመቅ እንዲል 5 ዋት አድርግ» ይላል፣ ቦታው ግን ለ3 ዋት ወይ ከዛ ላነሰ የተሰራ ነው። ያ ትርፍ ሙቀት የሚሄድበት የለም፣ ሶኬቱ ፕላስቲክ ነው፣ ከጀርባው ያለው ሰርኪት ስስ ላስቲክ ላይ የተሳለ የመዳብ መስመር ነው፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ቁጥሮቹ የታተሙበት ፊልም አለ። እንዲህ የተደረገ ዳሽቦርድ ስትከፍት ሶኬቱ አምፖሉን ነክሶ ቀልጦ ታገኘዋለህ፣ ከ60 እስከ 80 ያለው የስፒድ ቁጥር ጀርባው ሻይ እንደፈሰሰበት ወረቀት ቡኒ ሆኖ። አምፖል ይቀየራል፣ ያ ፊልም ግን ከየት ይመጣል?

እዚሁ ጋ «24 ቮልት ካጣህ 12 ቮልት አምፖል ግዛና ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ገመድ ስበህ አብራው» የሚል አለ። ይሄ በኛ ሀገር ለቴፕም ለጋቢና ማስዋቢያ መብራትም የተለመደ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ምንም አይመስለውም። 24 ቮልት የሚመጣው ሁለት 12 ቮልት ባትሪ ተከታትሎ ታስሮ ነው፣ ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው ቻርጅ የሚያደርገው። ከአንዱ ብቻ ስትቀዳ ያኛው ጎድሎ ይቀራል፣ ሌላው ደግሞ ሞልቶም ቻርጅ ይደረጋል፣ አንዱ ሁሌ ተርቦ አንዱ ሁሌ ሲፈላ ይከርማል፣ ከዛ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ፣ ሰውየው ደግሞ የባትሪ ነጋዴ ሲራገም ታየዋለህ። 12 ቮልት የግድ ከፈለግህ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አለ፣ እሱን አስገባ።

አምፖሉ ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው «የቻይና አምፖል ስለሆነ ነው» ብሎ አልፎታል። ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ለካ። ሞተር አስነሳና ቴስተርህን ባትሪው ላይ አድርግ፣ ከ27 ተኩል እስከ 28 ተኩል አካባቢ ካነበብክ ጤነኛ ነው። 30 እና ከዛ በላይ ካየህ ሬጉሌተሩ፣ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው፣ ለቋል። የክር አምፖል ከቮልት ጋር ቀልድ አያውቅም፣ እንደ ግምት ስሌት ቮልቱ 10 ፐርሰንት ቢጨምር እድሜው ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ መስታወቱም ውስጡ ጠቆር ይላል፣ እሱን አይተህ ታውቀዋለህ። አምፖሉ እየነገረህ ያለው ባትሪህ እየፈላ መሆኑን ነው፣ አንተ ግን አምፖል ትቀያይራለህ። መስታወቱ ጥርት ብሎ ክሩ ብቻ ተበጥሶ ካገኘኸው ደግሞ ባብዛኛው ንዝረት ነው፣ ለሱ ኤልኢዲ በርግጥ ይሻላል፣ ክር ስለሌለው።

ኤልኢዲ ካልን አይቀር እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ላይ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። «ሁሉንም በኤልኢዲ ቀይር፣ ዕድሜ ልክ ነው» ይላል። ቁጥሮቹን የሚያበሩትን፣ ማለትም ጌጆቹ ጀርባ ያሉትን ብትቀይር እኔም አልቃወምም፣ 24 ቮልት የተባለውን ግዛ፣ ካልበራ ደግሞ አልሰራም ብለህ አትጣለው፣ አውጥተህ አዙረህ አስገባው፣ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል። ዲመሩም እንደ ድሮው ቀስ እያለ ላይቀንስልህ ይችላል። የማስጠንቀቂያ መብራቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው፣ በተለይ የባትሪ ምልክት ያለባት የቻርጅ መብራት።

እሷ ዝም ብላ መብራት ብቻ አይደለችም። ቆየት ባሉ ብዙ መኪኖች ላይ ቁልፍ ስትከፍት ከባትሪ የሚነሳው ከረንት በዛች አምፖል አልፎ ነው ዲናሞው ላይ ኤል ወይ ዲ ፕላስ የሚባለው ጫፍ የሚደርሰው፣ እዛም ሮተሩን፣ ዲናሞው ውስጥ የሚሽከረከረውን፣ ማግኔት ያደርገዋል፣ ዲናሞው ማመንጨት የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው። የ24 ቮልት 3 ዋት አምፖል አንድ መቶ ሃያ ምናምን ሚሊአምፔር ያሳልፋል፣ ትንሿ ኤልኢዲ ግን የዛን ጥቂቱን ብቻ። ስለዚህ አምፖሏ ከተቃጠለች ወይ በኤልኢዲ ከተተካች ዲናሞው ሳይነቃ ይቀራል፣ ወይ ነዳጅ ደህና አርገህ ካልሰጠኸው አይነቃም። አንድ ኤፍኤስአር እንደዚህ ሆኖ መጥቶ ነበር፣ ባለቤቱ አንዱ ጋራዥ ዲናሞ ለውጡ ብሎት ለውጧል፣ ባትሪም ለውጧል፣ ጠዋት ጠዋት አሁንም በመግፋት ነው የሚነሳው። ቁልፉን ከፈትኩና ዳሽቦርዱን አየሁት፣ የዘይቱ በርቷል፣ የእጅ ፍሬኑ በርቷል፣ የባትሪዋ የለችም። ከፍተን ስናይ አምፖሏ ክሯ ተበጥሶ ቁጭ ብላለች። ያቺን ቀየርን፣ ቻርጁ ወዲያው 28 ላይ ወጣ። ባለቤቱ አልሳቀም፣ አልፈርድበትም። በርግጥ አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ከአምፖሏ ጎን ረዚስተር ስላለ ወይ አሰራሩ ሌላ ስለሆነ ይሄ ላይገጥም ይችላል፣ ግን የትኛው እንደሆነ ካላወቅህ እሷን በክር አምፖል ተዋት፣ ምንም አትጎዳህም።

ሌላው ቀለም ነው። ጽሑፉ ላይ ሰማያዊ ኤልኢዲ «ጋቢናውን ሞገስ ይሰጠዋል» ይላል። የዘይት ምልክቱ ፊት ያለው ፕላስቲክ ቀይ ነው፣ ቀይ ፕላስቲክ ቀዩን ብርሃን ነው የሚያሳልፈው፣ ሰማያዊ ኤልኢዲ ውስጥ ደግሞ ቀይ የለም። ስለዚህ ከጀርባ እየበራች ከፊት ምንም አይታይም። ሰማያዊ ኤልኢዲ ከዘይት ምልክት ጀርባ አግኝቼ አውቃለሁ፣ ቁልፍ ከፍተህ ከጎን በኩል አጎንብሰህ ስታይ ብርሃኗ በቀዳዳው ይፈሳል፣ ከሾፌር ወንበር ስታይ ጭልም ያለ ነው። ሞተሩ ዘይት ቢያልቅበት ማን ይነግረዋል? ነጭ ካልሆነ ከፕላስቲኩ ጋር አንድ አይነት ቀለም ያለው ነው መግባት ያለበት። ለጌጆቹም ቢሆን ሰማያዊ ደማቅ ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ ፊት ላይ ሲያበራ አይን ያደክማል፣ ከሎጊያ ጋላፊ ማታ የሚነዳ ሰው ይሄን እኔን አይጠይቀኝም።

«ባትሪ መንቀል ጊዜ ማባከን ነው» ላለው፣ ኔጌቲቩን መንቀል አንድ የብሎን ቁልፍና ሁለት ደቂቃ ነው፣ ማስተር ስዊች ያለው መኪና ላይማ ማጥፋት ብቻ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቁልፍ ተዘግቶም ከረንት ያለባቸው ሽቦዎች አሉ፣ የሃዛርድ፣ የሰዓት ምናምን፣ የብረት ሰዓት ያሰረ እጅ እዛ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስትነቅል ወደ ሻሲ የሚሄደውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ፣ ስትመልስ እሱን መጨረሻ። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ የብሎን ቁልፍህ ሻሲ ከነካ ብልጭታው ያስደነግጥሃል።

አከፋፈቱ ላይ «በካቻቢቴ ፈልቅቀው፣ ክሊፕ ነው» ይላል። ፒክአፑ ላይ ክሊፕ ይሆናል። የቆዩት አይሱዙዎች ላይ ግን የዙሪያው ሽፋን ብሎን አለው፣ ብሎኑ ደግሞ በአቧራ ተሸፍኖ ላይታይህ ይችላል፣ ስትፈለቅቅ የሚሰበረው እሱ ነው። ሁሉንም ፈትተህ ዳሽቦርዱ እምቢ ካለህ አትጎትት፣ ከጀርባው የስፒድ ሽቦው ይዞት ይሆናል፣ የሜካኒካል ስፒድ ያላቸው ላይ ማለቴ ነው፣ እጅህን አስገብተህ የሱን መያዣ ተጭነህ አላቀው፣ ከዛ የሽቦ ሶኬቶቹን። አምፖሎቹን ሩብ ዙር ወደ ግራ ስታዞራቸው ይወጣሉ። የሶኬቱ እግር ጥቁር ከሆነ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አርገህ ጥረገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አይሆንም፣ መዳቡ ስስ ነው ይላጣል። «አምፖሉን በባዶ እጅ አትንካ» ያለው ደግሞ የፊት ሃሎጅን አምፖል ሕግ ነው፣ እዚህ አይሰራም፣ ንካው ምንም አይሆንም።

የኤሲና የማሞቂያ ፓኔሉን እና የስዊቾቹን መብራት ጽሑፉ በአንድ መስመር «እሱም ያው ነው» ብሎ ዘሎታል። ያው አይደለም። እዛ ያሉት አምፖሎች የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ናቸው፣ አንዳንዱ ከትንሽ መያዣው ጋር አብሮ ነው የሚቀየረው፣ አንዳንዱ ደግሞ ቦርዱ ላይ በሊድ ተበይዷል፣ ስቦ የሚያወጣው ሰው የቦርዱን መስመር አብሮ ይነቅለዋል። አዳዲሶቹ ላይ ዳሽቦርዱም ራሱ አምፖል የለውም፣ ቦርድ ላይ የተበየደ ኤልኢዲ ነው። ከፍተህ የሚዞር ሶኬት ካላየህ ዝጋውና ቦርድ ለሚሰራ ሰው ስጠው። እዚህ ጋ የ20 ደቂቃው ነገር የለም።

አሁን «የሚያስቸግርህን ማስጠንቀቂያ ንቀለው» የሚለው። መኪናው ውስጥ ያለው ችግር አምፖል ስለተነቀለ አይጠፋም፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ይነቀላል፣ ለምን ቢባል ወይ ለቦሎ ምርመራ ነው ወይ ለሽያጭ ነው። መኪና የምትገዙ ሰዎች ስለዚህ ይቺን ያዙ፦ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ዳሽቦርዱን ቆጥራችሁ እዩት። የዘይት፣ የባትሪ፣ ቼክ ኢንጅን ካለው እሱ፣ ኤቢኤስ ካለው እሱ፣ ሁሉም መብራት አለባቸው፣ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ቁልፍ ሲከፈት ያልበራ ካለ ወይ ተቃጥሏል ወይ ተነቅሏል ወይ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል። የረቀቁት ደግሞ የቼክ ኢንጅኑን መብራት ከዘይቷ ወይ ከባትሪዋ ሽቦ ጋር ያገናኙታል፣ ያኔ ቁልፍ ሲከፈት ይበራል ሲነሳ ይጠፋል፣ ጤነኛ ይመስላል። ሁለት መብራቶች ሁልጊዜ በአንድ ቅጽበት ብቻ አብረው ከጠፉ ጠርጥሩ፣ አስነስታችሁ አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ እዩት።

ኤሌክትሪሺያን ሌባ ነው ያለውን የራሴ ሰፈር ስለሆነ ብዙ አልከራከርም፣ ሌባ አለ፣ አንድ አምፖል ቀይሮ የሙሉ ሽቦ ዝርጋታ ሂሳብ የሚጠይቅ አለ። መድኃኒቱ የወጣውን አሮጌ አምፖል አሳየኝ ማለት ነው፣ ቮልቱን ለካልኝ ማለት ነው። የማይለካ ኤሌክትሪሺያን ጋ አትቆሙ፣ እሱ ገማች ነው።

መጨረሻ ላይ «ብሎኖቹን እሰርና ጉዞህን ቀጥል» ይላል፣ ይቺም ቅደም ተከተሏ ተሳስታለች። ብሎን ከማሰርህ በፊት ሶኬቶቹን ብቻ ሰካ፣ ባትሪውን መልስ፣ ቁልፍ ክፈት፣ ፓርኪንግ አብራ፣ ዲመሩን ላይ ታች አድርግ፣ ግራ ቀኝ ፍሬቻ፣ ሃዛርድ፣ ረጅም መብራት፣ የእጅ ፍሬን፣ ኤግዞስት ብሬክ ሁሉንም አንድ በአንድ እይ፣ ከዛ ሞተር አስነሳና የዘይቷና የባትሪዋ መጥፋታቸውን እይ፣ ቻርጁንም ለካ። ፀሐይ ላይ ቆመህ ከሆነ ጋቢናው ላይ ብርድ ልብስ ጣልበት፣ በቀን የደበዘዘችውን አምፖል አታያትም። ከዛ እሰር።